ኬላ ላይ የተያዘው መነኩሴ፦ ወጣቱ ማርቲን ሾንጋወር እና አባ እንጦንስ

ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩት ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው አጋንንቱ ላይ ነው። ክንፍ፣ ቀንድ፣ ጥፍር፣ ቅርፊት፣ ጅራት። አንዱ ልብስ ይጎትታል፣ ሌላው ክንድ ጨምድዶ ይዟል፣ ሌላው ደግሞ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ ሊያሳርፍ ነው። መሃል ላይ አንድ ጺማም ሽማግሌ አለ። እግሩ መሬት አልረገጠም። አየር ላይ ነው ያለው። ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ የአለት ጫፍ ትታያለች፤ ከዚያ ውጪ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ የሚያዝ ነገር የለ።

አሁን ፊቱን እዩት። አይጮህም። አፉ ዝግ ነው። እንደዚያ እየጎተቱት፣ ሊደበድቡት እየተዘጋጁ፣ እሱ ረጋ ብሎ ይመለከታል። የደከመው ሊመስል ይችላል፣ የፈራ ግን አይመስልም።

ሽማግሌው አባ እንጦንስ ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው፣ የግብጽ በረሃው። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ጥር 22 ቀን ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ይሆናል። ሥዕሉን የሠራው ደግሞ ከዚያ በረሃ በጣም ርቆ፣ በራይን ወንዝ አካባቢ ያደገ ወጣት ነው። ስሙ ማርቲን ሾንጋወር ነው። ከተማው ኮልማር ትባላለች፤ ዛሬ ምሥራቅ ፈረንሳይ ውስጥ ናት፣ ያኔ ግን ጀርመንኛ የሚነገርባት ከተማ ነበረች። ጊዜው ከ1470 እስከ 1475 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው ተብሎ ይገመታል። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የምጽፍበት አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ስደርስ እነግራችኋለሁ።) ማርቲን የተወለደው በ1450 አካባቢ ስለሆነ፣ ይሄን ሲሠራ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

መጠኑም ትልቅ አይደለም። ከአንድ ኤ-ፎር ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ቀለም የለውም፤ ጥቁር መስመርና ነጭ ወረቀት፣ በቃ። ግን ይቺ ወረቀት ከተሠራች 550 ዓመት ገደማ ሆኗት፣ ዛሬም ስለ ህትመት ሥዕል የሚያወራ ሰው ሳያነሳት አያልፍም። ለምን? እኔ የገባኝን ላስረዳ። በእኔ እምነት ምስጢሩ ያለው ይሄ ልጅ በዓይን የማይታየውን ነገር በዓይኑ ካያቸው ነገሮች መገንባቱ ላይ ነው። ይሄ እንዲገባን ግን መጀመሪያ ሥዕሉ በምን እንደተሠራ ማወቅ አለብን።

ያኔ አንድን ሥዕል ወረቀት ላይ አባዝቶ ለማተም ሁለት ዋና መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የእንጨት ህትመት ነው። እሱ ልክ እንደ ማህተም ነው። የማይፈለገው እንጨት ተፍቆ ይወጣል፣ የሚታተመው መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ቀለም ትቀባዋለህ፣ ወረቀት ላይ ትጫነዋለህ። ሁለተኛው የመዳብ ህትመት ነው፤ እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚታተመው መስመር ወደ ውስጥ የተቦረቦረው ነው። ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ያለው ተጠርጎ ይጸዳል፣ ረጠብ ያለ ወረቀት ይደረብበታል፣ ከዚያ እንደ ሸንኮራ መጭመቂያ ባሉ ሁለት ከባድ የሚሽከረከሩ ግንዶች መሃል በኃይል ያልፋል። ወረቀቱ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። በደንብ የታተመ የመዳብ ህትመት ላይ መስመሩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

መዳቡ የሚቦረቦረው ቡሪን በሚባል መሣሪያ ነው። አጭር የብረት ዘንግ ነው፣ ጫፉ በሰያፍ ተስሎ ሹል ሆኗል፣ ከኋላው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ድቡልቡል የእንጨት እጀታ አለው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ቀለበት ላይ በእጅ ስም ሲቀረጽ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ግማሽ ያህል አውቃችሁታል። ሰውዬው ብረቱን እንደ እስክሪብቶ አይጎትተውም። ወደ ፊት ይገፋዋል። ከጫፉ ሥር ፀጉር የምታህል የብረት ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ትነሳለች፣ እፍ ይላታል፣ ይቀጥላል። መስመሩ እንዲወፍር ሲፈልግ ጠበቅ፣ እንዲቀጥን ሲፈልግ ላላ። በክብ መዞር ሲኖርበት ደግሞ እጁን ሳይሆን የሚያዞረው የሚቀረጸውን ብረት ነው። ትልቅ የመዳብ ሰሌዳ ሲሆን አሸዋ በሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ እጅ ቡሪኑን ሲገፋ ሌላው እጅ ሰሌዳውን ቀስ እያለ ያዞረዋል።

ይሄን ያህል ያብራራሁት ወድጄ አይደለም። ይሄ ሥራ ስህተት አይወድም። እርሳስ ቢሆን ታጠፋዋለህ። መዳብ ላይ የተሳሳተ መስመር ለማጥፋት ቦታውን ፍቀህ፣ አስተካክለህ፣ መልሰህ ማለስለስ አለብህ፣ ያም ሆኖ ምልክቱ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ህትመቱ እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው የሚወጣው። በቀኝ እንዲታይ የምትፈልገውን በግራ መቅረጽ አለብህ። ፊርማህን ሳይቀር።

ታዲያ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ይሄን ከየት ተማረው? ከቤቱ። የማርቲን አባት ካስፓር ሾንጋወር አንጥረኛ ነበር፣ ወርቅ ሠሪ። ከአውግስቡርግ መጥቶ ኮልማር የሰፈረ ሰው ነው። ወንድሞቹም ግማሾቹ ወደ አንጥረኝነቱ ነው የገቡት። በአውሮፓ የመዳብ ህትመት ራሱ የተወለደው ከአንጥረኞች ቤት እንደሆነ ይታመናል፤ በጽዋና በዕቃ ላይ ጌጥ ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች ናቸው ቀረጻውን ወደ ወረቀት ያመጡት። ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸው ከተገኙት የመዳብ ህትመቶች የመጀመሪያዎቹ የ1446 ናቸው። ማርቲን እጁን ሲዘረጋ ሙያው ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነበረው ማለት ነው። በ1465 ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ቤተሰቡ ለሌላ ነገር አስቦት ነበር መሰለኝ። መጨረሻው ግን ሥዕልና መዳብ ሆነ።

አሁን ወደ አጋንንቱ እንመለስ።

የመዳብ ህትመት ግራጫ የሚባል ቀለም የለውም። ያለው መስመር ብቻ ነው። ጥላ የምትፈልግ ከሆነ መስመሮችን ታቀራርባለህ፣ የበለጠ ጨለማ ከፈለግህ በላያቸው ላይ ሌላ መስመር በሰያፍ ታሻግራለህ። ከሾንጋወር በፊት የነበሩትም ይሄን ያውቁ ነበር፤ በተለይ ኢ.ኤስ. በሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ የሚታወቅ አንድ ትልቅ ቀራጺ ነበር። ሾንጋወር የጨመረው ሥርዓት ነው። መስመሩ የሚሸፍነውን ነገር ቅርጽ ተከትሎ ይዞራል። ክንድ ላይ ያለ መስመር እንደ ክንድ ይጠቀለላል፣ የልብስ እጥፋት ላይ ያለው ወደ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዓይናችሁ መስመሩን ይረሳውና ሥጋና ጨርቅ ያያል።

ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን ጋኔን በተለየ ዓይነት መስመር ሠራው። በቀስታ እዩአቸው። የአንዱ ገላ የዓሣ ቅርፊት ነው። የሌላው እሾህ የሞላበት ነው፣ ስትነኩት የሚወጋ ይመስላል። የአንዱ ክንፍ እንደ ሌሊት ወፍ ቆዳ ነው፣ አጥንቱ ይታያል። የሌላው ፀጉራም ነው። አፍንጫቸው፣ ምንቃራቸው፣ ጡታቸው የተንጠለጠለው ሳይቀር። ማንም ጋኔን አይቶ አያውቅም፤ ዓሣ ግን ሁሉም ያውቃል። እና ልጁ ያደረገው ይሄን ነው፤ ሁላችንም የምናውቀውን የእንስሳ ቆዳ፣ ክንፍና ጥፍር እንዳለ በትክክል ቀርጾ፣ ከዚያ በማይገናኝ ቦታ አገናኘው። ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ዓይን እያንዳንዱን ቁራጭ ያምናል፣ ጠቅላላውን ደግሞ እምቢ ማለት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማንሳት ደስ ይለኛል። በኛ አሣሣል ክፉ ሰው ወይም ሰይጣን በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሕፃን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሾንጋወር ይሄ ልማድ የለውም፤ አጋንንቱ በየአቅጣጫው ነው የሚያዩት። እሱ የለየበት መንገድ ሌላ ነው። ክፉው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ይዞራል፣ ይጠማዘዛል፤ እንደ መንኮራኩር በሽማግሌው ዙሪያ ይሽከረከራል። ቅዱሱ ብቻ ጸጥ ብሏል። መንኮራኩሩ የሚዞርበት ምሰሶ እሱ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ብዙ ቦታ ይሄ ሥዕል «የቅዱስ እንጦንስ ፈተና» ተብሎ ነው የሚጠራው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ስም ሰው ያሳስታል። ፈተና ሲባል ወርቅ፣ ሴት፣ ምግብ ምናምን ይመጣባችኋል። እዚህ ሥዕል ላይ ግን የሚያባብል ነገር የለም። ድብደባና ጉተታ ነው።

የእንጦንስን ሕይወት የጻፈው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ እንጦንስ በ356 ካረፈ ብዙም ሳይቆይ። እዚያ ውስጥ ለዚህ ሥዕል የሚቀርቡ ሁለት ታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው ወጣት ሳለ መቃብር ቤት ውስጥ ራሱን ዘግቶ ሲጸልይ አጋንንት መጥተው መሬት ላይ ተዘርሮ እስኪቀር የደበደቡት ነው። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እሱን ነው። ሁለተኛው ግን ይሄን ሥዕል በትክክል የሚያስረዳው ይመስለኛል።

እንጦንስ አንድ ቀን ሊበላ ሲል በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት የሚለው እንደኛው አቆጣጠር ነው፤ የጾመ ሰው ጾሙን የሚፈታበት ሰዓት። ቆሞ ሳለ በመንፈስ ተነጠቀ። ራሱን ከራሱ ውጪ ሆኖ አየው፤ መሪዎች ይዘውት አየር ላይ ወደ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ ሲደርሱ የሚያስፈሩ ፍጥረታት መንገዱን ዘጉበት። ኬላ ማለት ነው። ሒሳቡን አምጡ፣ ከተወለደ ጀምሮ ያደረገውን እንቁጠር አሉ። መሪዎቹ እምቢ አሉ፤ ከልደቱ ጀምሮ የነበረውን ጌታ ሰርዞለታል፣ ከመነኮሰ ወዲህ ያለውን ግን መጠየቅ ትችላላችሁ አሏቸው። ከሳሾቹ ከሰሱ፣ ማስረጃ ግን ማቅረብ አቃታቸው። መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ እንጦንስ ወደ ራሱ ተመለሰ፣ እዚያው በቆመበት። ምግቡን ረሳው። የቀረውን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ እየቃተተ ሲጸልይ አደረ፤ ሰው ስንት ጠላት አልፎ መውጣት እንዳለበት አይቶ ስለደነገጠ።

ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ሥዕሉን መልሳችሁ እዩት። መሬት ለምን እንደሌለ ይገባችኋል። ያቺ ጥግ ላይ ያለች የአለት ጫፍም ትገባችኋለች፤ በረሃው ነው፣ ጥሎት የወጣው። ዓይኑ ለምን እንደረጋም ይገባችኋል። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም፣ ሰውዬው ግን ምን እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ያውቃል። ሾንጋወር መሪዎቹን መላእክት አልቀረጻቸውም። ይሄ ትልቅ ውሳኔ ነው። መልአክ ቢኖር እኛ ተመልካቾቹ ወዲያው እንጽናና ነበር፤ ሌላው ቀርቶ የት ጋ ማየት እንዳለብን እናውቅ ነበር። እሱ ግን ሽማግሌውን ለብቻው ትቶታል። የእርዳታው ምልክት ፊቱ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ኮልማር ውስጥ የእንጦንስን ሥዕል ማን ይገዛል? ብዙ ሰው። ምክንያቱ ደግሞ አስፈሪ በሽታ ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» የሚባል በሽታ ነበር። እጅና እግር እንደሚቃጠል ያቃጥላል፣ ከዚያ ደም መድረስ ያቆማል፣ ሥጋው ይጠቁርና ይሞታል፣ አንዳንዴም ከአካል ተለይቶ ይወድቃል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ማንዘፍዘፍና የሌለ ነገር ማየት ያመጣል። ዛሬ መንስኤው ይታወቃል። ኧርጎት የሚባል ፈንገስ ነው፤ ራይ በሚባለው እህል ዛላ ላይ እንደ ጥቁር ጥፍር ሆኖ ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይፈጫል፣ ዳቦ ሆኖ ይበላል። ያኔ ይሄን ማንም አያውቅም ነበር። ሰው ወደ እንጦንስ ነበር የሚጮኸው። በስሙ የተቋቋመ የመነኮሳት ማኅበር ነበር፣ ሥራው እነዚህን በሽተኞች ማስታመም። ጥሩ ዳቦ ያበሏቸዋል፣ ቅባት ይቀቧቸዋል፣ የሞተውን እግር ይቆርጣሉ። ከኮልማር በስተደቡብ ኢዘንሃይም የሚባል ቦታ ከገዳሞቻቸው አንዱ ነበር። እና ሾንጋወር ያውቃቸዋል። በዚያው በ1470ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የገዳሙ አለቃ ዣን ዶርሊዬ የመሠዊያ ሥዕል አሠርቶታል፣ እንጦንስም እዚያ ላይ አለ። ያ ሥዕል ዛሬ ኮልማር በሚገኘው ኡንተርሊንደን ሙዚየም ውስጥ ነው።

በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ ያልኩት ቦታ ይሄ ነው። ይሄ በሽታ እኛም ቤት ገብቷል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ደጋ ወረርሽኝ ሆኖ ሰው ገድሏል፣ እጅና እግር አሳጥቷል። እዚያ ፈንገሱ የያዘው ገብስ ውስጥ የሚበቅለውን ስናር ነበር። ስናሩ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተፈጭቶ ተበላ። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልይ የነበረውን የ1475 ሰው እንደ ሩቅ ባዕድ አላየውም። ለምን እግሩ እንደሚቃጠል ሳያውቅ የሞተ ገበሬ ወሎም ነበር፣ ኮልማር ባለችበት በአልዛስም ነበር። በአጋንንት የተያዘ አካል ምን እንደሚመስል ለእነዚያ ሰዎች የሚያስረዳቸው አልፈለጉም።

በነገራችን ላይ በዓሉ ራሱ አንድ ቀን ነው። ምዕራቡ የሚያከብረው ጃንዋሪ 17 ነው፣ እኛ ጥር 22። በድሮው የጁልያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 17 የሚውለው ልክ በጥር 22 ነው። ሾንጋወር በነበረበት ጊዜ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር አልመጣም፤ ስለዚህ በኮልማርና በኛ ገዳማት እንጦንስ የሚታሰበው በአንድ ቀን ነበር። የኛ መነኮሳት የምንኩስናቸውን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ከእንጦንስ ይጀምራሉ፣ በመቃርስና በጳኩሚስ አድርገው ወደ አቡነ አረጋዊ ይወርዳሉ። ኮልማር ያሉት ደግሞ እንጦንስን የሚጠሩት በበሽታው ምክንያት ነበር።

ከሥዕሉ ግርጌ መሃል ላይ ሁለት ፊደሎች አሉ፣ ኤም እና ኤስ፣ በመሃላቸው መስቀል የሚመስል ምልክት። የማርቲን ፊርማ ነው። ሾንጋወር 116 የሚያህሉ የመዳብ ህትመቶችን ትቷል፣ ሁሉንም ፈርሞባቸዋል። ይሄ ያኔ የተለመደ አልነበረም። ፊርማው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥራዎቹ የኤም ፊደል ሁለት እግሮች ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፤ በኋላ ግን እግሮቹ ወደ ውጪ ያዘነበሉ ሆኑ። እንጦንስ ላይ ያለው ቀጥ ያለው ነው። የወጣትነት ሥራው መሆኑን ከምናውቅባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ኋላ ላይ የሠራቸው ይበልጥ ጸዳ ያሉ፣ ይበልጥ ቀለል ያሉ ናቸው። የሚያምሩ ናቸው፣ አልክድም። ይሄኛው ግን ሁሉን ነገር ማሳየት የፈለገ ልጅ ሥራ ነው፤ ያወቀውን እያንዳንዱን ቆዳ፣ እያንዳንዱን ፀጉር። እኔ ይሄን ጥድፊያውን ነው የምወድለት።

መዳብ ለስላሳ ብረት ነው፣ በህትመት ብዛት ያልቃል። ከአንድ ሰሌዳ ጥሩ ጥሩው የሚወጣው ጥቂት መቶ ያህል ነው፣ ከዚያ በኋላ ስስ መስመሮቹ እየጠፉ ይሄዳሉ። ግን ጥቂት መቶ ወረቀት ቀላል አይደለም። የመሠዊያ ሥዕል አንድ ቦታ ነው የሚሰቀለው፤ ወረቀት ይታጠፋል፣ በነጋዴ ኮሮጆ ይገባል፣ ተራራ ይሻገራል። ይቺም ወረቀት ተራራውን ተሻግራ ፍሎረንስ ደረሰች፣ አንድ ልጅ እጅ ገባች።

ልጁ ሚኬላንጄሎ ቡኦናሮቲ ይባላል፤ ኋላ የጣሊያን ታላቅ ሠዓሊና ቀራጺ የሆነው። 12 ወይም 13 ዓመቱ ነው። የሕይወት ታሪኩን በዘመኑ የጻፉት ሁለት ሰዎች፣ ቫዛሪና ኮንዲቪ፣ ሁለቱም ይሄን ይተርካሉ። ህትመቱን ያሳየው ትልቁ ጓደኛው ግራናቺ ነው ይላል ኮንዲቪ። ልጁ ሥዕሉን በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ገለበጠው። ችግሩ ህትመቱ ጥቁርና ነጭ ነው። የጋኔን ቀለም ምንድን ነው? ልጁ ተነስቶ ዓሣ ገበያ ሄደ። የዓሣውን ክንፍ፣ የዓይኑን ቀለም፣ የቅርፊቱን ብልጭታ አየ። ተመልሶ ጋኔኑን ቀባው።

ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ልጁ ሥዕሉን አንብቦታል። ማንም ሳይነግረው ሾንጋወር አጋንንቱን ከምን እንደሠራቸው ገብቶታል፤ ስለዚህ ወደ ምንጩ ሄደ። ያ ሰሌዳ ዛሬ አለ። በ1487 እና 1488 አካባቢ እንደተሠራ ይገመታል። በ2009 ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያለው ኪምቤል ሙዚየም ገዛው። የልጁ ሥራ አይደለም የሚሉ ባለሙያዎችም ነበሩ፣ ሙዚየሙ ግን የሚኬላንጄሎ ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከህትመቱ ጋር ጎን ለጎን ብታስተያዩት ለውጦቹ ይታያሉ። ህትመቱ ላይ ቅርፊት ያልነበረውን አንዱን ጋኔን የዓሣ ቅርፊት አልብሶታል። የእንጦንስን ራስ ትንሽ አቅጣጫ አስለውጦታል። ከታች ደግሞ ባዶው ቦታ አልተመቸውም፤ ወንዝ፣ ኮረብታና ጀልባ ጨመረበት፣ የራሱን አገር የሚመስል። እኔ በዚህኛው ከሾንጋወር ጋር ነኝ። መሬት ሲገባበት ኬላው ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌው የሚወድቅበት ቦታ አገኘ።

ሌላም ልጅ ነበር። አልብሬክት ዱረር፣ ኋላ ታላቅ የጀርመን ሠዓሊ የሆነው፣ እሱም የአንጥረኛ ልጅ፣ ከኑረምበርግ። በ1492 ሾንጋወርን ለማግኘት ብሎ ኮልማር ድረስ ሄደ። ሲደርስ ሰውዬው የለም። ባለፈው ዓመት በ1491 ብራይዛኽ በምትባል ከተማ ሞቷል። ዱረርን በደንብ የተቀበሉት የሾንጋወር ወንድሞች ናቸው።

ወረቀት እንዴት አገር እንደሚሻገር እኛም እናውቃለን። በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ውስጥ የአረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በሣላቸው የእንጨት ህትመቶች የተሞላ። ያ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከሥዕሎቹ ብዙ ወስደዋል። እነሱም እንደ ሚኬላንጄሎ ጥቁርና ነጭ ነበር ያገኙት። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን ከራሳቸው አመጡ።

ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች፣ ኪምቤል ሩቅ አይደለም፣ ቋሚ ስብስቡን ለማየት መግቢያው ነጻ ነው። የሾንጋወር ህትመት ደግሞ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ፣ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምም አለ። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ የሜትሮፖሊታን ድረ ገጽ ላይ ግን በነጻ በትልቁ ታገኙታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ክፈቱትና በሁለት ጣት አስፉት። መጀመሪያ ወደ ቅርፊቱ ሂዱ፣ አንዱን መስመር ምረጡና የት ጋ እንደወፈረ፣ የት ጋ እንደቀጠነ ተከተሉ። የልጁ እጅ የጠበቀበትና የላላበት ቦታ ነው። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ሽማግሌው ዓይን ውጡ።